ሩዙ ሳሎን የገባ ዕለት

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሙሀመድየሱፍ፣

ከእንግዲህ «ሐጂ» ካላልኩዎ እትዬ ሒክማ ይቆጡኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሼ ያለ ምላስ ግን በአንድ ወር አይታረምምና ለዛሬ ይለፉኝ። አላህ ሐጅዎን ይቀበልልዎ። ይህን ደብዳቤ ፈሀድ አዲስ አበባ ሊቀበልዎ ሲመጣ ይሰጥዎታል። አደራዎን ባሕር ዳር ከመድረስዎ በፊት ያንብቡት። እዚህ ከደረሱ በኋላ የሚያስነብብዎ አያገኙም፤ ገበያው ሁሉ ወሬውን ቀድሞ ሊነግርዎ አሰፍስፎ እየጠበቀዎት ነው።

ደግሞም ጻፊልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት። የሄዱ ዕለት፣ መኪናው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ፣ «የሆነውን ነገር በስልክ እንዳትነግሪኝ። እዚያ ሰዉ ብዙ ነው፤ ይሄ በጫጫታ መሐል የሚሰማ ወሬ አይደለም። ደጉንም ክፉውንም በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። ከመካ ደውለው «እህስ?» ሲሉኝ «ደህና ነው» ብቻ ብዬ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። እትዬ ሒክማ ያኔ አጠገቤ ቆመው አፋቸውን በሻሻቸው አፍነው ነበር። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ይፈነዱ ነበር።

እርስዎ ከሚያውቁት ልጀምር። ያኔ ምን እንደሆንኩ አይተዋል እንጂ ምን እንደተሰማኝ ነግሬዎት አላውቅም።

ግቢዎ ተከራይቼ በገባሁ ሰሞን አንድ ቀን ሱቅዎ ደጃፍ ላይ አስቁመው «ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱን የሚጠብቅ ግን የለም። ኬሚስትሪ ስል «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ግን በርጩማ ሳቡልኝ። እኔም በር ላይ ተጠፍሮ የተቀመጠውን ጭነት እያየሁ፣

«ብረቶችን አስራለሁ» አልኩዎ። «አንዷ የብረት አቶም ብቻዋን የማትችለውን፣ ስድስት ሆነው ተጠጋግተው ሲታሰሩ ይችሉታል። ማሰሪያውን የምነድፈው እኔ ነኝ፤ የትኛው ብረት የት ጋ እንደሚቀመጥ አስቤ። አራቱ ዚንክ ናቸው፣ ሁለቱ ዲስፕሮሲየም የሚባሉ። ከተሳካልኝ ያ ጥቅል፣ በዓይን እንኳ የማይታየው፣ ለብቻው ማግኔት ይሆናል። ደግሞም ያበራል።»

«ማግኔትም መብራትም? በአንድ ላይ?»

«በአንድ ላይ።»

«እንግዲያማ የኔን ሒክማን ነዋ የምትሠሪው! እሷም ትስባለች፣ እሷም ታበራለች።»

ከጓሮ በኩል «ሰምቻለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው እንዴ ይሄ የታየው?»

ስቄ ወደ ክፍሌ ገባሁ። እርስዎ ምንም አልመሰለዎትም ይሆናል። እኔ ግን ከሶዶ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው እንዳለ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያውቋቸዋል። የሦስተኛ ዲግሪዬን ጀመርኩ፤ ማሰሪያውን ነደፍኩ፤ ብረቶቹን ጨመርኩ፤ ዱቄት ወጣ። እንደገና ነደፍኩ፤ እንደገና ዱቄት። ዱቄት ምን አለበት ቢሉ፣ ዱቄት አይናገርም። ጥቅሉ እንዳሰብኩት መታሰሩን የማውቀው እልፍ አእላፍ ጥቅሎች እንደ ግንብ ድንጋይ በሥርዓት ተደርድረው እንደ ጨው ቅንጣት ጥርት ያለ ክሪስታል ሲሆኑልኝ ብቻ ነው። ያን ጊዜ በኤክስሬይ አይቼ እያንዳንዱን አቶም የት እንደተቀመጠ እቆጥራለሁ። ክሪስታል እንዲሆን ደግሞ ፈሳሹ ቅዝቃዜው ሳይለዋወጥ፣ ምንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ መርጋት አለበት። የኛ ላቦራቶሪ ጎን ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ይቆፈራል፤ መሬቱ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። መብራት ይሄዳል፣ ማቀዝቀዣው ይሞቃል፣ የሚያዝያ ሙቀት ይገባል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ አማካሪዬ ዶክተር ዳኘው ቢሯቸው አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከዓይኔ አሸሹ።

«ሩሐማ፣ ዱቄት ማንም ያወጣል። ግንቦት እስኪያልቅ ክሪስታል ካላየሁ ርዕሱን እንቀይረዋለን። ላንቺው ብዬ ነው።»

ርዕስ መቀየር ማለት የለፋሁበትን ሁሉ ጥሎ ከዜሮ መነሣት ነው። የቀረኝ ዲስፕሮሲየም ደግሞ ለአንድ ሙከራ ብቻ ነበር፤ ሌላ ለማስመጣት ዓመት ይፈጃል። ከቢሯቸው ስወጣ እግሬ ወደ ቤት ይሂድ እንጂ ሐሳቤ ሶዶ ደርሶ፣ የእማዬን በር ከፍቶ፣ አልጋዬ ላይ ተኝቶ ነበር።

እርስዎ ያገኙኝ ቧንቧው ጋ ነው።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተ ጋሼ።»

«ታዲያ ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ምን ቆመሽ ታያለሽ?»

ነገርኩዎ። ሳላለቅስ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። «አይዞሽ» እንኳ አላሉም። ይልቅ፣

«ምን ዓይነት ቦታ ነው የሚፈልገው?» አሉ።

«ቀዝቃዛ፣ ጨለማ፣ የማይነቃነቅ።»

«ድምፅስ?»

«ድምፅ ግድ የለውም፤ መሬቱ ብቻ አይንቀጥቀጥ።»

ቁልፎችዎን ከኪስዎ አወጡና «ነይ» አሉኝ።

ያ አባትዎ ያሠሩት የድንጋይ መጋዘን ሁልጊዜ በሩ ላይ አልፌ የምሄድበት ነው፤ ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር። የወረታን ሩዝ አልፈን በስተኋላ ያለችውን መስኮት የሌላትን ትንሽ ክፍል ሲከፍቱልኝ፣ ውጭ ባሕር ዳር በፀሐይ እየነደደች፣ የኔ የክንድ ጠጉር ቆመ። ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። እንደ ጠዋት ውሃ ይቀዘቅዛል። «አባቴ የሚሠሩት ነገር ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ወፍራም ነበር» አሉኝ። በማግስቱ ዶክተር ዳኘው ሊያዩት መጡ። ክፍሏ ከእህሉ በግንብ የተለየች መሆኗን፣ የጠርሙሶቼ ክዳን ጥብቅ መሆኑን፣ በውስጣቸው ያለውም ከጥቂት ማንኪያ እንደማይበልጥ አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብዙ ላቦራቶሪ አይቻለሁ፤ ሩዝ የሚሸጥ ላቦራቶሪ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ቀጥሎ ያደረጉትን ሳስብ እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ። ጫኝና አውራጆቹን ሰበሰቡና «ከዛሬ ጀምሮ ጆንያ መወርወር የለም! ቀስ ብላችሁ አሳርፉ። ሕፃን የተኛበት ቤት ነው ብላችሁ አስቡት» አሉ።

አለቃቸው ብሥራት «የማን ሕፃን?» ብሎ ጠየቀ።

«የሩሐማ!»

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ጉንጬን ስማ «ማርያም ትማርሽ ልጄ፤ ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ።

እሱስ ይሁን። ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። ሐይቁ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠው «በኔ መጋዘን ውስጥ ከሩዝ ቅንጣት ያነሰ ማግኔት እየበቀለ ነው፤ ያበራል ደግሞ» ብለው ላገር ሰው ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ሰላምታው «በራ?» ሆነ። የባጃጅ ሾፌሩ «በራ?»፣ ፀጉር አስተካካዩ «በራ?»፣ ከቆጋ ድንች ይዘው የሚመጡት እናት ሳይቀሩ «በራልሽ እንዴ ልጄ?»። ባይበራስ? የመጨረሻዋን ዲስፕሮሲየም ጠርሙስ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ባይሆን እኔ ብቻ ሳልሆን እርስዎም ከነስምዎ መሳቂያ ሊሆኑ ነው። አንድ ቀን አላስችለኝ ብሎ ሱቅ ድረስ መጣሁ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይዤዎታለሁ አይናገሩብኝ! ባይሳካልኝስ? ምን ይውጠኛል?»

መነጽርዎን አውልቀው አዩኝ።

«ባይሳካ አብረን እናፍራለና። ብቻሽን ከምታፍሪ አይሻልም?»

ከሱቁ ወጥቼ ቀጥ ብዬ ሐይቁ ዳር ሄድኩ፤ ታንኳዎቹን እያየሁ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። አባባልዎ የገባኝ እዚያ ነው። እርስዎ ሲናገሩ የኖሩት ስለሚሳካልኝ አልነበረም። የኔን ሸክም ግማሹን በአደባባይ ትከሻዎ ላይ ለመጫን ነው። ሲሄዱ ግን «አፌ ሰፍቶ አስጨንቄሽ ከሆነ አውፍ በይኝ» አሉኝ። «አውፍ ብያለሁ» አልኩ እንጂ ይህን አልነገርኩዎትም። አሁን ነገርኩዎ።

እንግዲህ እርስዎ ወዳልነበሩበት ልለፍ።

እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ ገደማ ይመስለኛል፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፈተና ፈሀድ ያዘዘው የሁለት ጊዜ ጭነት በአንድ ቀን መጣ። ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሩዝ ደጃፍ ላይ ቆመ። ትልቁ መጋዘን አፉ ድረስ ሞልቷል። ከሐይቁ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ሊመጣ ነው። አንደኛው መኪና ደግሞ ሸራው የተቀደደ ነው።

ፈሀድ ወደኔ ሮጦ መጣ።

«ሩሐማ፣ ለዛሬ ብቻ ጠርሙሶችሽን አንሺልኝ። ያቺን ክፍል እፈልጋታለሁ።»

«ካነሳኋቸው ይናወጣሉ፤ አለቀላቸው።»

«ሩዙ ከረጠበ እኔም አለቀልኝ! አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን አምኖኝ ነው የሄደው። ሲመለስ የበሰበሰ ሩዝ ላሳየው?»

«ፈሀድ፣ ሌላ ዲስፕሮሲየም የለኝም። ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

«እኔስ ሌላ አባት አለኝ?»

ጮኸብኝ፤ እኔም ጮኽኩበት። በስድስት ዓመት ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር። ይበልጥ የከፋው ደግሞ ትክክል መሆኑን ማወቄ ነው። እሱም እኔ ትክክል መሆኔን ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይታየኛል። ጫኝና አውራጆቹ ትከሻቸውን እያሹ ሁለታችንን ያዩናል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መውደቅ ጀመሩ።

እትዬ ሒክማ ወጡ። ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ መለስን። ሰማዩን አዩ፣ መኪናውን አዩ፣ እኛን አዩ።

«ሳሎኑ ምን ሆነ?» አሉ።

ፈሀድ አልገባውም። «የቱ ሳሎን?»

«የኔ ሳሎን ነዋ! ስንት ሰው ሰርግ የበላበት ሳሎን ሩዝ ያቅተዋል?»

«እማ፣ አዲሱ ምንጣፍ...»

«ምንጣፍ ይጠቀለላል! ብሥራት፣ ጫማችሁን እያወለቃችሁ ግቡ!»

ጋሼ፣ ያን ዕለት ቤትዎን ባዩት! ሶፋው አልጋ ላይ ወጣ። ቴሌቪዥኑ በጆንያ ተከቦ ጠፋ። ሩዙ ሳሎኑን ሞልቶ ወደ እንግዳ ማረፊያው፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ፣ ከዚያም ወደኔ ክፍል ገባ። ፈሀድ ራሱ ሸሚዙን አውልቆ ተሸከመ። እኔ ከላይ የሚዘረጋ ላስቲክ ይዤ ከመኪናው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መኪናው እሮጣለሁ። እትዬ ሒክማ በሩ ላይ ቆመው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያስተናግዳሉ፤ «በግራ! በግራ! መስታወቱን!» ይላሉ። የእርስዎን ወንበር ብቻ አላስነኩም። የመጨረሻው ጆንያ ሲገባ ዶፉ ወረደና መንገዱን ወንዝ አደረገው። ሁላችንም ርሰን፣ ነጭ አቧራ ለብሰን፣ ሩዙ ላይ ወጥተን ተቀመጥን። እትዬ ሒክማ ሻይ አምጥተው ከታች ወደ ላይ አቀበሉን። ብሥራት ጭንቅላቱ ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ቀርቶት «እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም» አለ። ፈሀድ ቀድሞ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ማቆም አቃተን።

በማግስቱ ቀትር ላይ ፈሀድ ክፍሌን አንኳኳ። «እስቲ ከሳሎናችን ያስነሣንን ጌታ አሳዪኝ» አለኝ። ከባንኮኒው ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን ትንሽ መብራት ይዟል። «ይሄ ሐምራዊ ብርሃን ይጠቅምሽ ይሆን?» አለ። እኔ የላቦራቶሪውን ልዋስ አስቤ ነበር፤ እሱም ያው ነው።

አብረን ገባን። ክሪስታል አለ ብዬ አልጠበቅኩም፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ላለማየት ስል ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው። መጀመሪያ በስልኬ መብራት ጠርሙሶቹን ሳልነካ ከጎን አየኋቸው። አንደኛው ዱቄት። ሁለተኛው ዱቄት። ሦስተኛው ጠርሙስ ግን ወለሉ ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ፣ ጠርዛቸው በቢላ የተቆረጠ የሚመስል፣ ጥርት ያሉ ነገሮች ተቀምጠውበታል።

መሬት ቁጭ አልኩ።

«ምነው? ተበላሸ?» አለ ፈሀድ።

በሩን እንዲዘጋው በእጄ አሳየሁት። ዘጋው። የሱን መብራት አበራሁ።

ጋሼ፣ በራ። ሞቅ ያለ ቢጫ፤ የተወቀጠ እርድ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚሆነውን። እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ፣ ከውስጧ። ፈሀድ «ሱብሃነላህ» ብሎ አጠገቤ ተንበረከከ። ሁለታችንም እንደ ልጅ አፋችንን ከፍተን እያየን ሳለ በሩ ተከፈተና እትዬ ሒክማ ገቡ። ሲያዩት እልልታውን ለቀቁት። ደንግጬ እጃቸውን ያዝኩ።

«ምን ትይዢኛለሽ? ድምፅ ግድ የለውም ብለሽ የለ!» አሉና ደገሙት።

ከዚያማ ማን ያቆመዋል። ሽንኩርት ሻጯ መጣች፣ ባጃጅ ሾፌሩ መጣ፣ የቆጋዋ እናት ድንቻቸውን ጥለው መጡ። ፈሀድ በር ላይ ቆሞ «ሁለት ሁለት እየሆናችሁ! ግድግዳ አትደገፉ!» ሲል ድምፁ እርስዎን እርስዎን ይላል። ዶክተር ዳኘው ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ሲደርሱ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና አሉ፤ ደግመው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣

«ርዕስሽን ያዢ» አሉኝ።

መነጽራቸውንም ሲጠራርጉ ቆዩ።

ክሪስታሎቹን ወደ ውጭ የሚሄድ የዶክተር ዳኘው ወዳጅ ይዟቸው ሄደ፤ ሩዙም በየቀኑ እየተሸጠ ሳሎኑን ለቀቀ። ውጤቱ የመጣው ትናንት ነው። ስድስቱም ብረቶች አሉ፤ አራት ዚንክ፣ ሁለት ዲስፕሮሲየም። ግን እኔ እንዳልኳቸው አልተቀመጡም! እኔ የነደፍኩት ክብ ቀለበት ነበር። እነሱ ሁለቱን ዲስፕሮሲየም መሐል አስገብተው፣ ዚንኮቹ በአራት ማዕዘን ከበው ዘብ ቆመውላቸዋል። ዶክተር ዳኘው በኮምፒውተር ሲያሳዩኝ «ካንቺ የተሻለ አስበዋል» ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ ሰው በሕይወቱ በማያውቀው ቅዝቃዜ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ማግኔትነቱን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል። ሞቅ ሲል ይረሳዋል። ስለዚህ ሻይ ቤት ሲያወሩ ነገ ጠዋት ከገበያ የሚገዛ ዕቃ እንዳይመስልባቸው። ወደፊት ብዙ ነገር በጥቂት ቦታ መመዝገብ ለሚፈልጉ ሰዎች አንድ እርምጃ ነው፤ ትንሽ፣ ግን የኛ። ቀጣዩን ማሰሪያ ዛሬ ጠዋት መንደፍ ጀምሬያለሁ፤ ብረቶቹ ያስተማሩኝን ይዤ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። በሐምሌ ሥራዬን በፈታኞች ፊት አቀርባለሁ። አዳራሹ ውስጥ ከፊት ለዕጩዋ ወላጆች ሁለት ወንበር ይቀመጣል። አንዱ የእማዬ ነው፤ ከሶዶ ትመጣለች። አባቴን ያጣሁት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ «አንደኛውን ወንበር እናንሣው?» ስትለኝ «ቆዪ» አልኳትና ወደ እማዬ ደወልኩ። ለማን ልሰጠው እንዳሰብኩ ነገርኳት። ቅር ይላት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን፣

«ስጸልይ የኖርኩት ልጄን በሰው አገር የሚያይልኝ ሰው እንዲሰጣት ነው» አለችኝ። «ታዲያ ሲሰጥሽ ደግሞ ፈቃድ ትጠይቂኛለሽ?»

ወንበሩ አልተነሣም ጋሼ፤ መጥተው ይቀመጡበት። ጸሐፊዋ ስም የሚጻፍበትን ወረቀት አምጥታ «ዝምድናው?» ስትለኝ ሳላስብ ነው የመለስኩላት።

ልጅዎ፣
ሩሐማ